ትንሽ አንደርግራውንድ ሾው ማዘጋጀት፦ ከቤት ፍለጋ እስከ ሂሳብ ክፍያ

ይሄን የምጽፈው ራሱ መድረክ ላይ የሚወጣ ሆኖ የራሱን ምሽት ማዘጋጀት ለፈለገ ሰው ነው። በሰው ፕሮግራም ላይ አምስት ደቂቃ መለመን ለሰለቸው። ቀልደኛ ትሁኑ ገጣሚ፣ ምትሃተኛ ትሁኑ ዘፋኝ ወይም ሰርከሰኛ፣ ነገሩ ያው ነው። የማወራው ከ30 እስከ 80 ሰው ስለሚይዝ ቦታ ነው፤ ምድር ቤት፣ ከተዘጋ በኋላ ያለ ካፌ፣ የሰዓሊ ስቱዲዮ፣ ሰፋ ያለ ሳሎን። ስፖንሰር የለም። አዘጋጁም፣ አቅራቢውም፣ ወንበር ደርዳሪውም እናንተው ናችሁ።

ከጅምሩ አቋሜን ልናገር። ተመልካች ደከም ያለ ስራ ችሎ ያያል። ፈዞ የቀረ መድረክ ግን አይችልም። አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ሰው ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲፈልግ፣ "አንድ ሁለት፣ ይሰማል?" ሲባል፣ መጋረጃ ጀርባ መንሾካሾክ ሲበዛ፣ ስልኮች ከኪስ መውጣት ይጀምራሉ። አንዴ ከወጡ ደግሞ መመለሳቸው ዘበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ፣ የቤት መረጣውም፣ የተራ አወጣጡም፣ የማይኩም ጉዳይ፣ ዓላማው አንድ ነው፤ በስራና በስራ መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ።

ቤቱን በማታ እዩት

ትርኢቱ ማታ ከሆነ ቤቱንም ማታ ሄዳችሁ እዩ፤ የሚሻለው ደግሞ በዚያው የሳምንቱ ቀን ነው። ቀን ጸጥ ያለ ቤት ማታ ጎረቤቱ ያለ የሙዚቃ ቤት ከበሮ በግድግዳው ያስገባል። ፍሪጅ አለ? ሲነሳና ሲጠፋ ድምጹን አዳምጡ። በጸጥታ የሚነበብ ግጥም መሃል ፍሪጅ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

ከዚያ መድረክ ይሆናል ያላችሁት ቦታ ላይ ሰው አቁሙና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊታችሁ ደግሞ ሁለት ሶስት ሰው አስቀምጡ። ከፍ ያለ መድረክ ከሌለ ከሶስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው የሚያየው ከደረት በላይ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ የሚሰራ አቅራቢ እዚያ ቤት ውስጥ ለግማሹ ተመልካች የለም ማለት ነው። 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ርብራብ ብዙ ነገር ይለውጣል። እሱ ካልተገኘ የፊተኛውን ረድፍ መሬት ላይ ትራስ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሰው ይወደዋል፣ ከኋላ ያሉትም ያያሉ።

ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። 3 ሜትር ካልሞላ ኳስ ወርዋሪው ከፍ ያለ ውርወራውን ይተወዋል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ የሚሰራ ሰው ከመጣ፣ ምሰሶውን የሚያውቅ ባለሙያ አይቶ ካላጸደቀው እምቢ በሉ። ከላይ የወረደ ሰው ድንገት ሲቆም ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከራሱ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። "ኧረ ጠንካራ ነው፣ እኔ ስቤ አይቼዋለሁ" የሚል የቤት ባለቤት ምስክርነት አይቆጠርም።

ቀጥሎ አቅራቢዎች የት ነው የሚጠብቁት? ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማቆያው ከተመልካቹ ጀርባ ከሆነ ተረኛው ወንበር እየገፋ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ወደ ፊት ይመጣል፤ ያ ክፍተት ነው። በጎን የሚወጣበት መንገድ ያለው ቤት ካገኛችሁ፣ ትንሽ ቢጠብም እሱን ውሰዱ። መንገድ ከሌለ ከመድረኩ ጎን ሁለት ወንበር አድርጉና በጨርቅ ጋርዱት። ተረኛው እዚያ ይቀመጣል፣ ቀጣዩም አጠገቡ።

አሁን ቀልድ የማያውቀው ነገር፦ መውጫ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1903 ቺካጎ ውስጥ በኢሮኮይ ቲያትር ቃጠሎ ከ600 በላይ ሰው አልቋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የተቆለፉና ለመክፈት የሚያስቸግሩ በሮች ነበሩ። በ2003 ደግሞ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ዘ ስቴሽን በሚባል የምሽት ክበብ፣ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት ለድምጽ ተብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞተ። ሌላ መውጫ እያለ አብዛኛው ሰው የሮጠው ወደገባበት በር ነው። እና እዚያ ተጨናነቀ። ከዚህ የምንወስደው ግልጽ ነው። ሁለት መውጫ የሌለው ምድር ቤት ውስጥ ሰው አትሰብስቡ። ሁለተኛው በር ፊት ወንበር፣ ሻንጣ፣ የከበሮ ሳጥን አይቀመጥም፤ ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት። መድረክ መሪው ሲጀምር በእጁ ያሳየው። ቤቱ ስንት ሰው እንዲይዝ እንደተፈቀደለት ጠይቁ፣ ከዚያ በላይ አታስገቡ፤ "ጓደኛዬ ነው፣ ቆሞ ያያል" ቢባልም። እሳት የሚተፋ ወይም ችቦ የሚያዞር አቅራቢ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ስራው አይሆንም። ሜዳ ላይ ስታዘጋጁ ጥሩት።

ከባለቤቱ ጋር የተስማማችሁትን ጻፉት። ረጅም ውል አያስፈልግም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ የመጠጥ ሽያጩ የማን እንደሆነ፣ ቀብድ ስንት እንደተከፈለና ቢሰረዝ ይመለስ አይመለስ፣ የሚያጸዳው ማን እንደሆነ። በስልክ መልእክት ልካችሁ "እሺ፣ ተስማምቻለሁ" ካለ በቂ ነው። በዚያው የተቀዳ ሙዚቃ በአደባባይ ማጫወት በብዙ አገር ፈቃድና ክፍያ ስለሚጠይቅ ቤቱ ፈቃዱ እንዳለው ጠይቁ። አንዳንድ ካፌዎች ሊኖራቸው ይችላል። ሳሎን ግን የለውም።

አቅራቢ መምረጥና መጠየቅ

ለአንድ ምሽት 7 ስራ ይበቃል። 12 ሰው ጠርቶ ሁሉንም ማስደሰት የሚፈልግ አዘጋጅ መጨረሻ ላይ ማንንም አያስደስትም፤ የመጨረሻዎቹ ሶስት ሰዎች የሚወጡት ጃኬቱን ለለበሰ ተመልካች ነው።

ስራ ስትመርጡ የተቆራረጠ የማስታወቂያ ቪዲዮ አትቀበሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ የተቀዳ ጠይቁ፤ በስልክ የተቀዳና ድምጹ የማይጠራ ቢሆን እንኳ። የምትፈልጉት ሰውዬው እንዴት እንደሚገባ፣ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግና እንዴት እንደሚወጣ ነው። ሶስት ቀልደኛ በአንድ ምሽት አታድርጉ። ሁለቱም እያዘኑ የሚዘፍኑ ሁለት ዘፋኞችም አይሆኑም። አንድ የሚያስቅ፣ አንድ የሚያስደነግጥ፣ አንድ ዝም የሚያሰኝ፣ አንድ ማንም ምን እንደሆነ የማያውቀው ነገር። ያ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የምሽቱ ወሬ የሚሆነው ነው፤ ለሱ ቦታ ሳትሰስቱ ስጡ።

ከተስማማችሁ በኋላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩ። የመድረክ ስምህ ማን ነው፣ እንዴትስ ይነበባል? ስራው በሰዓት ተለክቶ ስንት ደቂቃ ነው? (አምስት ደቂቃ ያለ ሰው ሰባት ይቆያል፣ ስለዚህ ለክቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።) በሙዚቃ ነው የምትገባው ወይስ በጸጥታ? ማይክ በእጅ፣ በመቆሚያ ወይስ አያስፈልግም? መድረኩ ላይ ከመግባትህ በፊት ምን መቀመጥ አለበት? ፎቶህ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ? ይሄኛው ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ቀን ቢሮ የሚውል፣ ማታ ምን እንደሚሰራ አለቃው ወይም ቤተሰቡ እንዲያውቅ የማይፈልግ አቅራቢ ብዙ ነው። አይለጠፍ ካለ አይለጠፍም፣ ስሙም ፖስተሩ ላይ የመድረክ ስሙ ብቻ ይሆናል።

እና ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ፦ ስትወጣ መሬቱ ላይ ምን ትተህ ትሄዳለህ?

የሳሙና አረፋ የሚሰራ አቅራቢን ውሰዱ። ስራው ድንቅ ነው፤ ክንድ የሚያህል አረፋ በመብራቱ ስር ቀለም እየለዋወጠ ሲንሳፈፍ አዋቂ ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። አረፋው ሲፈነዳ ግን የሚወርደው ሳሙና ነው። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ወለሉ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይቀራል፤ በጫማ ጫፍ ስትነኩት ብቻ ይንሸራተታል። ቀጥሎ በእጇ የምትቆም አክሮባት ብታወጡ አጥንት መስበር ነው። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ መወልወል አለበት፣ ከዚያም መድረቅ። ያ ደግሞ መድረክ መሪ በወሬ ሊሸፍነው የሚችለው ጊዜ አይደለም። ብልጭልጭ ዱቄት፣ የተቀደደ ወረቀት፣ ላባ፣ የፈሰሰ ውሃ፣ የተሰበረ ዕቃ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። መፍትሄው ቀላል ነው፤ መሬት የሚያበላሽ ስራ ሁልጊዜ ከእረፍት በፊት የመጨረሻው ይሆናል። በጥያቄው ካላወቃችሁት ግን መድረኩ ላይ ታውቁታላችሁ።

ተራ ማውጣት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ምሽቱ የሚሰራው ወይ የሚበላሸው እዚህ ነው። በአሜሪካ የቮድቪል (የተለያዩ አጫጭር ስራዎች በአንድ ምሽት ተራ በተራ የሚቀርቡበት ትርኢት) ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ የተራ አወጣጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። መክፈቻው ብዙ ጊዜ ንግግር የሌለው ስራ ነው፤ አክሮባት ወይም የሰለጠነ እንስሳ። ምክንያቱም ሰው ገና እየገባ፣ ወንበር እያንኳኳ ነው፤ የሚናገር ሰው ብታወጡ ይዋጣል። ትልቁ ኮከብ የሚወጣው ከመጨረሻው በፊት ነው። የመጨረሻው ደግሞ እንደገና ንግግር የሌለበት፣ ሰው እየወጣም ቢሆን የሚታይ ነገር ነበር።

መክፈቻውን እንዳለ ውሰዱት። አርፍዶ የሚገባ ሰው በየትም አለ። መዝጊያውን ግን ለኛ ቤት አልመክርም። 50 ሰው ባለበት ክፍል ማንም ተሰርቆ አይወጣም፤ ስለዚህ በጠንካራው ስራ ዝጉ።

ከዚያ ወረቀት ቆርጣችሁ ለእያንዳንዱ ስራ አንድ አንድ ካርድ ጻፉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸውና በስራዎቹ መካከል ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ከዚህኛው ወደዚያኛው ለመሄድ ምን ይነሳል፣ ምን ይገባል፣ ማን ያደርገዋል፣ ስንት ሰኮንድ ይፈጃል? ጊታር፣ ሁለት ማይክና ወንበር የሚፈልግ ስራ ካለ ከፊቱ ባዶ መድረክ ላይ፣ ያለ ማይክ፣ ከፊት ለፊት ቆሞ የሚሰራ ሰው አድርጉ። እሱ ፊት ለፊት ሲሰራ ከኋላው ዕቃው በጨለማ ይደረደራል። ወይም ዕቃ የሚበዛበትን ስራ የምሽቱ መክፈቻ ወይም የሁለተኛው ክፍል መክፈቻ አድርጉት፤ አስቀድሞ ተደርድሮ ይጠብቃል።

ሂሳቡን እንየው። 7 ስራ በአማካይ 7 ደቂቃ፣ 49 ደቂቃ። መድረክ መሪው መክፈቻና መዝጊያውን ጨምሮ 8 ጊዜ ይወጣል፣ በሁለት በሁለት ደቂቃ 16። እረፍት 20። ድምር 85 ደቂቃ። ደስ የሚል ምሽት። አሁን በስራዎቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት ከ2 ወደ 5 ደቂቃ ይለጠጥ። ስድስት ክፍተት አለ፣ 18 ደቂቃ ተጨመረ ማለት ነው። የተጨመረው ግን ትርኢት አይደለም፤ ሰው ገመድ ሲፈታ ማየት ነው።

መሸጋገሪያውን ራሱ የትርኢቱ አካል ማድረግም ይቻላል። ሁጎ ባልና ኤሚ ሄኒንግስ በየካቲት 1916 በፈረንጆቹ ዙሪክ ውስጥ የከፈቱት ካባሬ ቮልቴር ትንሽ የትርኢት ቤት ነበር፤ ዳዳ የሚባለው የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ የተወለደው እዚያ ነው። ሁጎ ባል በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ትርጉም የሌላቸው የድምጽ ግጥሞቹን ሊያነብ ከካርቶን የተሰራ፣ እግሩን እንደ ቱቦ የገጠመ ልብስ ለበሰ። መራመድ አልቻለም። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተሸክመው መድረክ ላይ አቆሙት፤ ሲጨርስም ተሸክመው አወጡት። ዛሬም ማንም ሊሰርቀው የሚችል ዘዴ ነው፤ አጭር ጨለማ፣ አስቀድሞ የተለማመዱ ሁለት ተሸካሚዎች፣ መብራት። ተመልካቹ የሚያየው ከየት መጣ የማይባል ሰው ነው። በጨለማ ለመንቀሳቀስ ግን የመድረኩን ጠርዝ በጨለማ በሚያበራ ፕላስተር ምልክት አድርጉ።

የተራውን ወረቀት በትልቅ ጽሁፍ አትሙና አራት ቦታ ለጥፉ፦ ማቆያው ውስጥ፣ የድምጽ ባለሙያው ጋ፣ በሩ ጋ፣ መድረክ መሪው እጅ ላይ። ስም፣ ደቂቃ፣ ማይክ፣ ሙዚቃ፣ የሚነሳ የሚገባ ዕቃ። ከዚህ በላይ አትጻፉበት፣ በጨለማ የሚነበብ ነው።

መድረክ መሪው

በ1881 ፓሪስ ሞንማርትር ላይ "ለ ሻ ኑዋር" የሚባለውን የትርኢት ቤት የከፈተው ሮዶልፍ ሳሊ እንግዶቹን እያሾፈባቸው፣ አቅራቢዎቹን እያስተዋወቀ ቤቱን በአንደበቱ ይዞት ነበር። ሰው የሚመጣው ለሱም ጭምር ነው። መድረክ መሪ ዋጋው ይሄን ያህል ነው።

ከተቻለ ራሳችሁ አትምሩ። አዘጋጅ ሰው በየደቂቃው ይፈለጋል፤ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ አንዱ አቅራቢ ጠፋ፣ ፊውዝ ተቃጠለ። ማይክ ይዞ የቆመ ሰው ይሄን ሊፈታ አይችልም። የራሳችሁን ስራ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ሶስቱንም መሆን አይቻልም። ስራችሁን መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ወይም ሶስተኛ ላይ አድርጉት፤ ቶሎ ጨርሳችሁ ወደ አዘጋጅነታችሁ ትመለሳላችሁ። ዋናውን ቦታ ለራሳቸው የሚሰጡ አዘጋጆች አሉ። አቅራቢዎች ያስተውላሉ፣ በሚቀጥለው ሲጠሩ ደግሞ ስራ ይበዛባቸዋል።

መድረክ መሪው ሁለት ዓይነት ነገር ይዞ ይምጣ። አንዱ የ30 ሰኮንድ ነው፤ ሁሉም ዝግጁ ሲሆን። ሌላው የሶስት ደቂቃ ነው፤ ገመዱ እምቢ ሲል። የትኛውን እንደሚጠቀም የሚያውቀው በምልክት ነው፤ ከጎን የቆመው ሰው አውራ ጣቱን ካሳየ ያስተዋውቅ፣ እጁን ዘርግቶ ካሽከረከረ ይቀጥል። ሲያስተዋውቅ ስሙ መጨረሻ ላይ ይሁን። "አሁን እገሌ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ..." ከተባለ ጭብጨባው ስሙ ላይ ይጀምርና ይበርዳል። መጀመሪያ ወሬው፣ ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ በጭብጨባው ውስጥ ሰውዬው ይገባል። ከክፍተቱ ግማሽ ያህሉ በዚች ብቻ ይጠፋል።

የሚከለከለው ደግሞ ያለፈው ስራ ላይ አስተያየት መስጠት፣ "ትንሽ ታገሱን፣ ቴክኒካል ችግር አለ" ማለት፣ እና የሚመጣውን ሰው "በጣም ነው የሚያስቀው" ብሎ ማስያዝ ነው። ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀልደኛን ከመግባቱ በፊት ይገድለዋል።

ድምጽና መብራት በአጭሩ

ለ50 ሰው ሁለት ስፒከር፣ ትንሽ ሚክሰር (ድምጽ ማቀላቀያ) እና ሁለት ወይም ሶስት ማይክ ይበቃል። ከ1966 ጀምሮ ያለው የሹር ኤስኤም58 ዓይነት ማይክ በየመድረኩ የሚታየው ስለሚችል ነው፤ ይወድቃል፣ ይሰራል። ይሄ ዓይነት ማይክ ከፊት ለፊቱ ይሰማል፣ ከጀርባው ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ስፒከሮቹ በማይኩ ጀርባ በኩል፣ በማይኩና በተመልካቹ መካከል፣ ወደ ተመልካቹ ዞረው ይቁሙ። ማይክ የሚጮኸው ከስፒከሩ የወጣውን የራሱን ድምጽ መልሶ ሲሰማ ነው። አቅራቢ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ሲጨብጥም ይጮሃል፤ አሪፍ ይመስለዋል፣ ንገሩት።

ሙዚቃዎቹን በሙሉ ከቀኑ በፊት ሰብስቡና በአንድ ኮምፒውተር ላይ በተራቸው ቁጥር ሰይሟቸው፦ 01፣ 02 እያላችሁ። ከኢንተርኔት በቀጥታ አታጫውቱ፤ በጣም ስሱ ጭፈራ መሃል የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። የሚያጫውተው ስልክ ከሆነ የበረራ ሁኔታ ላይ ይሁን፤ የአቅራቢው እናት ደውለው በስፒከር እንዳይጠሩት። ባትሪ አዲስ፣ መለዋወጫ ገመድ፣ ኤክስቴንሽን፣ የጨርቅ ፕላስተር ይዛችሁ ሂዱ። ሰው የሚያልፍበት ገመድ ሁሉ መሬት ላይ ይለጠፍ።

መብራት ከአቅራቢው ፊት፣ ከላይና ከጎን ይምጣ። ከቀጥታ ፊት ከሆነ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ዓይኑንም ያጠፋዋል። ሁለት የኤልኢዲ መብራት ግራና ቀኝ፣ ተመልካቹ ያለበት ጨለም ያለ፤ ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም። የኮርኒሱን ነጭ መብራት አጥፉ ብቻ። የማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያው ይቁም።

ትኬትና ገንዘብ

ነጻ መግቢያ አድርጋችሁ "እመጣለሁ" በሚል ስም ብትመዘግቡ ባዶ ወንበር ትቆጥራላችሁ። ትንሽም ቢሆን የከፈለ ሰው ይመጣል። ፖስተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ይኸው ነው። በሩ የሚከፈትበትንና ትርኢቱ የሚጀመርበትን ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ። ቦታውን ለትኬት ገዢ ብቻ የምትልኩ ከሆነም በደንብ አድርጋችሁ አስረዱ፤ ሚስጥራዊነት ጥሩ ነው፣ ግን አርባ ሰው በር ፍለጋ ሰፈር ሲዞር ጎረቤት ይቆጣል። ለሰው ማድረስ የሚበጀው ደግሞ አቅራቢዎቹ ራሳቸው ለወዳጆቻቸው የሚልኩት መልእክት ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ጎልቶ የወጣበት ምስል ሰርታችሁ ላኩለት። የሌላ ሰው ፖስተር የሚያካፍል ጥቂት ነው፣ የራሱን ግን ሁሉም ያካፍላል።

ወጪያችሁን በገንዘብ ሳይሆን በትኬት ቁጥር አስቡት። የቤት ኪራይ፣ የመሳሪያ ኪራይና ህትመት አንድ ላይ የ20 ትኬት ዋጋ ሆነ እንበል። 50 ትኬት ተሸጠ፤ 30 ተረፈ። 7 አቅራቢ፣ መድረክ መሪ፣ የድምጽ ባለሙያና እናንተ 10 ሰው ናችሁ። በእኩል ከተካፈላችሁ ለሰው የሶስት ትኬት ዋጋ ይደርሳል። 20 ብቻ ከተሸጠ ለማንም ምንም የለም። ይሄን ሂሳብ ከመስማማታችሁ በፊት ለአቅራቢዎቹ እንዳለ አሳዩአቸው። ሰው የሚቀየመው ትንሽ ስለደረሰው አይደለም፤ ስንት እንደገባ ስላላወቀ ነው። የተወሰነ ክፍያ ቃል የገባችሁለት ሰው ካለ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ቢሆንም ይከፈለዋል፣ ከኪሳችሁ።

ክፍያው በዚያው ሌሊት ይሁን። ፖስታ አዘጋጁ፣ ስም ጻፉበት፣ በር ላይ ያለው ሰው በእረፍት ሰዓት ይቁጠር። "ነገ አስገባልሃለሁ" የሚባል ነገር አይጀመር።

በሩ ላይ የምታቆሙት ሰው ፈገግ የሚል፣ ግን እምቢ ማለት የሚችል ይሁን። ስራ እየቀረበ ማንንም አያስገባም፤ ያረፈደ ሰው የሚገባው በጭብጨባው ጊዜ ነው።

የዕለቱ ውሎ

ትርኢቱ ምሽት 2 ሰዓት ከሆነ እናንተ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዚያ ናችሁ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ድምጽ፣ ከዚያ ወንበር። ወንበር ቀድማችሁ ከደረደራችሁ ገመድ ስትዘረጉ ሁሉንም መልሳችሁ ታነሳላችሁ። ከምትጠብቁት ሰው ትንሽ ያነሰ ወንበር ደርድሩ፤ ሲሞላ መጨመር ይቻላል፣ ባዶ ወንበር ግን ሲነሳ ያሳፍራል።

10 ሰዓት ላይ አቅራቢዎች ይገባሉ፤ ሳውንድ ቼክ (የድምጽ ፍተሻ) በተራው ተገላቢጦሽ። መጨረሻ የሚፈትሸው መጀመሪያ የሚወጣው ነው፣ ዕቃው እዚያው ይቆያል። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ሙሉ ስራውን አትለማመዱ፤ መግቢያና መውጫውን ብቻ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ዕቃው ሲነሳ፣ መብራቱ ሲቀየር፣ ክፍተቶቹን ብቻ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሂዱባቸው። አቅራቢዎች ያጉረመርማሉ፣ ልምምድ ለነሱ ስራውን መስራት ነው። አትልቀቁ።

ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም ነገር አትቀይሩ። ምግብና ውሃ ማቆያው ውስጥ ይቀመጥ። እናንተም ብሉ፤ አዘጋጅ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ይውላል፣ ከዚያ ማታ ሰው ላይ ይጮሃል። በሩ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፣ ትርኢቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ማንንም አትጠብቁ፤ በሰዓቱ የመጣውን ሰው ላልመጣው ብላችሁ አትቅጡ።

የሆነ ሰው ይቀራል። ሁልጊዜ ነው። ስለዚህ ከአቅራቢዎቹ አንዱ ሁለተኛ አጭር ስራ ይዞ እንዲመጣ አስቀድማችሁ ለምኑት፣ ካርዶቹንም በኪሳችሁ ይዛችሁ ቁሙ። አንዱ ከደቂቃው ካለፈ ከኋላ በኩል ትንሽ ባትሪ አብሩለት፤ ይሄም ቀድሞ የተነገረው ምልክት ይሁን። በሁለተኛው ብርሃን ካልወረደ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይገባል። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ከሱ በኋላ ሶስት ሰው ሜካፑን ተቀብቶ እየጠበቀ ነው።

ትርኢቱ እየሄደ እናንተ ከጎን ቁሙና እያንዳንዱ ስራ የጀመረበትንና ያለቀበትን ደቂቃ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። መሳቅ ይቻላል፣ መጻፍ ግን አይቀርም።

በነጋታው

ቤቱን ለባለቤቱ ስታስረክቡ አብራችሁ ዙሩ፤ የተሰበረ ነገር ካለ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው ቆማችሁ ያዙ። ፎቶዎችን ለአቅራቢዎቹ ከመለጠፋችሁ በፊት ላኩ። አይለጠፍ ያለው ሰው ከበስተጀርባ ገብቶ እንደሆነም ተመልከቱ። የተረሳ ጃኬትና ጃንጥላ ፎቶ አንስታችሁ ለትኬት ገዢዎቹ ላኩ።

ከዚያ ማታ የጻፋችሁትን ደቂቃ አውጡና ከታቀደው ጎን አድርጋችሁ እዩት። ማን ስድስት ብሎ አስር እንደቆየ፣ የትኛው መሸጋገሪያ አራት ደቂቃ እንደበላ እዚያ ላይ አለ። ያ ሰው በሚቀጥለው ሲጠራ ካርዱ ላይ የሚጻፍለት አስር ነው። አራት ደቂቃ የበላው መሸጋገሪያ ደግሞ እረፍት ሰዓት ላይ ይወድቃል።